የሃምሳ ሺህ ዶላሩ ጌታ

ደሴ ባለሀብት የላትም የሚል ሰው ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብሎ አያውቅም። እኔ ባለፈው ሐሙስ ከአንዱ ጋር ማኪያቶ ጠጥቻለሁ። ሃምሳ ሺህ ዶላር አለው። የስልኩ መስታወት ተሰነጣጥቋል፤ ቁጥሩ ግን በስንጥቁ መሀል ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

እርግጥ የራሱ 100 ዶላር ነው። እሷንም እህቱ ናት ከጅዳ የላከችለት። የቀረው ሌቨሬጅ ነው፤ የውጭ ገንዘብ በስልክ የሚያገበያየው ድርጅት፣ ብሮከሩ፣ በ1 ዶላር መያዣ የ500 እንዲገዛ ፈቅዶለታል፤ 1 ለ500። «ባይንግ ፓወር ይባላል» አለኝ፣ «ፓወር» የምትለዋን ጫን አድርጎ።

ተባረክ የኔ ጀግና! አባቶቻችን እኮ የተበደሩትን «ብድር» ብለው ይጠሩ ነበር። ኋላቀርነት! ሰኞ ገበያ በዱቤ በግ የወሰደ ሰው «የሰው ገንዘብ አለብኝ» እያለ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድር ነበር። አሁን ሰለጠንን። «አለብኝ» ቀረና «አለኝ» ሆነ። አንዲት ፊደል ብትቀነስ ምን ይጎድላል?

ፈረንጆቹማ ፈሪዎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ አክሲዮን በማርጂን፣ ማለትም ከብሮከር ተበድረህ፣ ስትገዛ ግማሹን ከኪስህ አምጣ ይሉሃል። 100 ዶላር ላለው የ200 ብቻ! እ.ኤ.አ. በ1929 ገበያው ሲናድ፣ 10 በመቶ ከፍለው የገዙት ምን እንደዋጣቸው አይተው ነው መሰለኝ ወኔያቸው የተሰለበው። አውሮፓም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ለተራው ሰው በዋና ዋና ገንዘቦች ከ1 ለ30 በላይ አይቻልም ብላለች። የኛ ልጅ ግን 500!

የብሮከሩ ቸርነትስ! የሰፈራችን ባለሱቅ እትዬ ለአንድ ኪሎ ስኳር «መጀመሪያ ያለፈውን ክፈል» ይላሉ። ብሮከሩ ግን አባቱን ሳይጠይቅ፣ ዋስ ሳይል፣ 49,900 ዶላር ከነፍቅሩ። ምን ቸገረው? ብሩ ከስክሪኑ አይወጣ። መያዣውም እጁ ላይ ነው። ኪሳራ ሲመጣ መጀመሪያ የምትበላው የእህትየው 100 ናት።

ጀግናዬ ግማሽ ልብ የለውም። በሙሉው ዩሮ ገዛበት። ገና ሲነካው ቀላ፣ ኪሳራ አሳየ፤ የመግዣና የመሸጫ ዋጋው ልዩነት ነው። «አብሽር፣ ይመለሳል» አለኝ። እኔ ሶፍት ላይ ደመርኩ። ዩሮ 0.1 በመቶ ቢወርድ 50 ዶላር ይሄዳል። ከ1,000 ብር ላይ 1 ብር እንደማለት ነው። እዚያ ላይ፣ መያዣዋ ስትጋመስ፣ ብሮከሩ ራሱ ንግዱን ይዘጋዋል። ስቶፕ አውት ይሉታል። ሶፍቱን ላሳየው ስል «አሉታዊ ሰው ነህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሒሳብ ሁሌ አሉታዊ ያደርገኛል።

9 ሰዓት ተኩል ላይ የአሜሪካ የዋጋ ንረት ቁጥር ወጣ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ስትወርድ ጆሮ እስኪደፈን ትንሽ ይቆያል አይደል? ይሄ ያን ያህል እንኳ አልቆየም። ስልኩ አንዴ ጢን አለ።

«ዘጋኝ» አለ።

የማኪያቶው አረፋ ገና አልጠፋም ነበር። ጠረጴዛውን እያየ «ትንሽ ቢታገሰኝ ኖሮ ይመለስ ነበር» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ 1 ለ1,000 የሚሰጥ ሌላ ብሮከር እንዳለ ነገረኝ። ወኔ ማለት ይህ ነው!

አስተናጋጇ መጥታ «ሒሳብ» አለች። የሃምሳ ሺህ ዶላሩ ጌታ እኔን አየኝ።