ወፍ ያስተማረን ሰዎች የወፍን ቤት አናፍርስ

ወገኖቼ፣ ይሄ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። በየዓመቱ ግንቦት 11 ቅዱስ ያሬድን እናከብራለን። ከኤደን ገነት ሦስት ወፎች ተልከው እንዳነጋገሩት፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉትን የዜማ ስልቶች ያገኘነውም በእሱ በኩል እንደሆነ ለልጆቻችን እንነግራለን። እንኮራበታለንም። ታዲያ ወፏ የት ትደር?

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተፈጥሮ ደን የተረፈው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን ያየ ያውቀዋል፤ በታረሰ መሬት መሃል ክብ ክብ አረንጓዴ ቦታዎች። ይሄን ያቆዩልን አባቶችና እናቶቻችን ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። አሁን ግን ገባ በሉና መሬቱን እዩ። ከላይ ጽዱና ወይራው እንደ ድሮው ቆሟል። ከሥር ችግኝ የለም። ከብት ገብቶ ግጦታል፣ የቀረውን ረግጦታል። ጠርዙ ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ለአዳራሽ፣ ለመቃብር ቤት እየተባለ ደግሞ ከመሃል ይቆረጣል። አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ማን ሊተካው ነው? የወይራን ፍሬ በልታ ዘሩን ራቅ አድርጋ የምትጥለው እኮ ያችው ወፍ ናት። ያለ እሷ ደኑም አይቀጥልም።

ነገሌ ቦረና አጠገብ፣ ሊበን ሜዳ ላይ፣ አንዲት ትንሽ የሣር ወፍ አለች። ወንዱ ከሣሩ ተነስቶ አየር ላይ ሆኖ ይዘምራል። ሜዳው ሲታረስ፣ ከልክ በላይ ሲጋጥ፣ ቁጥቋጦ ሲወርረው ማደሪያ አጣች። በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ ጠፋ ተብሎ የሚመዘገበው የመጀመሪያው ወፍ ይሄ እንዳይሆን ባለሙያዎች ይሰጋሉ። በእኛ ዘመን፣ በእኛ አገር! ይሄ ሊያሳፍረን ይገባል።

እናንተ ሙዚቀኞችም አላችሁበት። የወፍ ድምፅ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ዘፈን መግቢያ ላይ ከምታስገቡ፣ ወጣ ብላችሁ የአገራችሁን ወፍ ቅዱ። የት እንደቀዳችሁትም ለሕዝቡ ንገሩት፤ ቦታው ስም ይኑረው።

የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ሰበብ አታብዙ። ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ድንጋይ ተሸክሞ የደኑን ዙሪያ ያጠረባቸው አጥቢያዎች አሉ። ሲሚንቶ አላስፈለገም። ከብት መግባት ሲያቆም ችግኙ ብቅ ማለት ጀመረ። እናንተም ከክረምቱ በፊት አጥሩን ጀምሩ። ባሕር ዛፉን ከቅጥሩ አስወጡ፤ በቦታው ወይራና ዋንዛ ይተከል። አዳራሹም ዛፍ በሌለበት ይሠራ።