ስዊድን አትቆጣም

የጎረቤታችን ልጅ ፖለቲካል ሳይንስ ትማራለች፤ ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። ዩኒቨርሲቲዋ ሩቅ ነው። ለእረፍት ደብረ ብርሃን ስትመጣ እኛ ቤት ጎራ ሳትል አትመለስም። እኔም በጊዜዬ ያንኑ ስለተማርኩ የምትጠይቀኝ አታጣም። ባለፈው ጋቢዬን ተከናንቤ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስሞቅ ሃንድአውቷን ይዛ መጣች።

“ጋሼ፣ የኮምፓራቲቭ ፈተና አለብኝ። ይሄን ሁሉ አገር እንዴት ሸምድጄ እዘልቀዋለሁ?”

ኮምፓራቲቭ የምትለው የአገሮችን ፖለቲካ የሚያነጻጽረውን ትምህርት ነው። ሃንድአውቱን ተቀብዬ አገላበጥኩት። እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ቻይና፣ ናይጄሪያ፣ ስዊድን። በየአገሩ ሥር የርዕሰ ብሔሩ ሥልጣን፣ የምክር ቤቶቹ ብዛት፣ የምርጫው ዓይነት ተደርድሯል። ኢትዮጵያ የለችበትም። በእኛም ጊዜ እንዲሁ ነበር። ብንጠይቅ “ኢትዮጵያ ራሱን የቻለ ኮርስ አላት” እንባል ነበር። እዚያ ኮርስ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ሌላ አገር አይነሳም። እንግዲህ ማነጻጸሩ የት ሊሆን ነው?

ምክንያቱ የገባኝ ከተመረቅኩ በኋላ ነው። “ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ” እየተባለ ያደገ መምህር፣ ያንኑ እየሰማ ያደገ ተማሪ ፊት ሲቆም ሩቁን ይመርጣል። ስለ ስዊድን የፈለገውን ቢናገር ስዊድን አትቆጣም። በማግስቱ ቢሮ የሚጠራውም የለም። መምህሩን አልፈርድበትም። ግን ትምህርቱ በዚህ መንገድ የሚያጣው ነገር ብዙ ነው፤ ለሰሜን ሸዋ ልጅ ደግሞ ይብሳል። ሌላው ተማሪ ቢያገኘው የሚጓጓለት ነገር ደጁ ላይ አለለት።

አንድ የእኛን አገር ሰው ላንሳ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሰሜን ሸዋው የሲያደብር ልጅ ናቸው። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። አገራቸው ተመልሰው ከብዙ ሹመት በኋላ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት የማርቀቅ ሥራ በእሳቸው እጅ ወደቀ። ከፊታቸው በንጉሠ ነገሥት ሜጂ ዘመን የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። የእኛው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። የጃፓኑ 76 አንቀጽ አለው፤ የእኛው 55።

ጃፓኖቹም ቢሆኑ ከባዶ አልተነሱም። የእነሱን ሕገ መንግሥት ማርቀቅ የመራው ኢቶ ሂሮቡሚ እ.ኤ.አ. በ1882 አውሮፓ ሄዶ በርሊንና ቪየና ከምሁራን ሥር ቁጭ ብሎ ተምሯል። ፕሩሺያ የሚባለውን የጀርመን መንግሥት ወግ ወደደው፤ ንጉሡ ጠንካራ፣ ምክር ቤቱ ልኩን የሚያውቅ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከበርሊን ቶኪዮ፣ ከቶኪዮ አዲስ አበባ ተጉዟል። የመጨረሻውን ጉዞ ብዕር ይዞ የጨረሰው የሲያደብር ልጅ ነው። ይህን በሃንድአውት ውስጥ አይቼው አላውቅም።

ለተማሪ ጥያቄ የሚሆነው ግን የተቀዳው ሳይሆን የቀረው ነው። የሜጂው ሕገ መንግሥት የታችኛውን ምክር ቤት በምርጫ እንዲሆን አድርጎ ነበር። እርግጥ በመጀመሪያው ምርጫ መምረጥ የቻለው በቂ ግብር የሚከፍል ወንድ ብቻ ስለነበር ከሕዝቡ አንድ በመቶ ያህሉ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ምርጫ ነው። የእኛው ያንን ተወው። የላይኛውን ምክር ቤት፣ የሕግ መወሰኛውን፣ አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የታችኛውን፣ የሕግ መምሪያውን፣ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ ተባለ። ሕዝብ በቀጥታ ይምረጥ የሚለው ድንጋጌ የመጣው በ1948 ዓ.ም. ነው። ሃያ አምስት ዓመት “እስኪበቃ ድረስ” ማለት ነው። ለምን ጃፓን ላይ አንድ በመቶው በቃ ተባለ፣ እዚህ ማንም አልበቃም ተባለ? ከዚህ የተሻለ የተርም ፔፐር ጥያቄ ካለ ንገሩኝ።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ “ይሄ ታሪክ ነው እንጂ ኮምፓራቲቭ ነው እንዴ?” አለችኝ። ነው። ሁለት አገር፣ አንድ ሰነድ፣ የተለያየ ውጤት። የቀረው መጠየቅ ብቻ ነው።

ወደ ዛሬው ልምጣ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት አለ። አንዱ አማራ ክልል ነው፤ መቀመጫው ደብረ ብርሃን። ሌላው ኦሮሚያ ክልል ነው፤ መቀመጫው ፍቼ። ሁለቱም ሰፊ ደጋ አላቸው፤ ብርዱም ይመሳሰላል፣ ከብቱም፣ እህሉም። የፌዴራል ሕገ መንግሥቱ አንድ ነው፤ መሬት በሁለቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የሚለየው ክልሉ፣ የክልሉ ሕግና የቢሮው ቋንቋ ነው።

ጆን ስቱዋርት ሚል የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1843 ያወጣው ዘዴ እዚህ ላይ ይመጣል። በሁሉ ነገር የሚመሳሰሉ፣ በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ጉዳዮችን ፈልግ ይላል፤ የውጤቱ ልዩነት ከዚያ ከአንዱ ይመነጫል። ራሱ ሚል ግን ይህ ለፖለቲካ አይሆንም ብሏል፤ በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ሁለት አገሮች የት ይገኛሉ? እውነቱን ነው። እንግሊዝንና ቻይናን ጎን ለጎን አስቀምጦ ምክንያት መፈለግ ጤፍና ብረት ማወዳደር ነው። ሁለቱ ሰሜን ሸዋዎችም ቢሆኑ በአንድ ነገር ብቻ አይለያዩም። ግን ከእንግሊዝና ከቻይና ይልቅ ለሚል መስፈርት ይቀርባሉ።

ወደ ሰሜን ከተሄደ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። በአማራ ክልል ሕገ መንግሥት መሠረት እንደ ሰሜን ሸዋ ያለ ዞን የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት የለውም፤ ዞኑ የክልሉ እጅ ነው። ምክር ቤት ያለው ወረዳውና ቀበሌው ነው። ከሸዋ ሮቢት አለፍ ሲባል ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ግን የራሱ ምክር ቤት አለው። ዋግ ኽምራና አዊም እንዲሁ። በአንድ ክልል ውስጥ ሁለት ዓይነት ዞን። ምክር ቤት ያለው ዞን ሹም ለሕዝቡ ጥያቄ ቶሎ ይመልሳል ወይስ ልዩነት የለውም? እኔ መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽም። ግን አንድ ጎበዝ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ቢይዘው አነበዋለሁ፤ የስዊድኑን አላነበውም።

የሚሰማኝ ተቃውሞ አለ። “በዚህ ሰላም ባልጸናበት ጊዜ መጠይቅ ይዞ ገጠር የሚገባ ማን ነው?” እሱስ ልክ ነው፤ ማንም ተማሪ ይግባ አልልም። ሰነድ ግን አይተኩስም። የሁለቱም ክልሎች ሕገ መንግሥት የተሻሻለው በ1994 ዓ.ም. ነው። የአማራው ሕግ “ዝክረ ሕግ” ላይ፣ የኦሮሚያው “መገለታ ኦሮሚያ” ላይ ይታተማል፤ ሁለቱንም በአማርኛ ማንበብ ይቻላል። አፋን ኦሮሞ የሚችል ደግሞ ከሁላችንም ይበልጣል።

ሩቁ አይጠቅምም እያልኩ እንዳይመስል። ቦትስዋናን ያላየ ሰው ስም ያታልለዋል። መሪዋ “ፕሬዚዳንት” ይባላል፤ በሠንጠረዥ ላይ ሲሞላ አሜሪካ ጎን ይገባል። የሚመርጠው ግን ፓርላማው ነው፤ ስለዚህ ለእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር ይቀርባል። ከነጻነት ጀምሮ 58 ዓመት የገዛው ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2024 በምርጫ ተሸንፎ ሲወርድም አገሩ አልተናጋም። ይህን የሚያጠና ተማሪ “እኛስ?” ብሎ ካልጠየቀ ግን ኤ ያገኘበት ወረቀት ብቻ ነው የቀረለት።

መንዝ ያለውን ጓሳ የሚባለውን የጋራ የሣር መሬትም ማለፍ ይከብደኛል። ሕዝቡ ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ በጋራ እያጨደ፣ ደንብ ያፈረሰውን እየቀጣ መንግሥት ሳያዘው ለትውልዶች ጠብቆታል። አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም የስዊስን የተራራ መንደር፣ የጃፓንን የጋራ መሬትና የስፔንን የመስኖ ማኅበር አነጻጽራ ነው እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቤል የተሸለመችው። ጓሳ ከእነዚያ መንደሮች ምን ያንሳል?

“ሥራስ ያስገኛል?” ለሚለኝ ወላጅ አጭር መልስ አለኝ፤ ኮምፓራቲቭ ስለተማረ ብቻ የሚቀጥረው የለም። መሸምደዱ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ያስገኛል።

ልጅቷ በማግስቱ ለመምህሯ ጻፈችለት። የተሰጣት አሳይመንት ስዊድንና እንግሊዝ ነበር፤ ሁለቱን ሰሜን ሸዋዎች ላድርግ ብላ ጠየቀችው። መልሱ እስካሁን አልመጣም። እሷ ግን ሁለቱንም የክልል ሕገ መንግሥት ስልኳ ላይ ጭናለች። ትናንት ማታ ደውላ “ጋሼ፣ ዞን የሚለው የቱ አንቀጽ ላይ ነው?” አለችኝ።