ይድረስ ለክቡር «ዉድ»

ይድረስ ለእንግሊዝኛው ቃል ለክቡር «ዉድ» (would)፣ ባሉበት።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤ በወጉ «ውድ እገሌ» ተብሎ ነበር የሚጀመረው። «ውድ ዉድ» ብል ግን ተንተባተበ እንዳይሉኝ ፈርቼ ተውኩት። ውድነትዎንስ ማክሰኞ ዕለት አይቼዋለሁ። አንድ ሥራ አስከፍለውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለንብረት ክፍል ኃላፊነት ማስታወቂያ ወጣ። ተመዘገብኩ። ፎቶ ኮፒ ሁለት ሁለት፣ ኦርጅናሉን ይዞ መቅረብ፣ ሰልፉ፣ «ሲስተም የለም ነገ ና»፣ እሱን ለእናንተ ለአንባቢዎች ምን እነግራችኋለሁ። ስሜ ቦርዱ ላይ ወጣ። ማክሰኞ ጠዋት ከረባቴን አስሬ ቀረብኩ።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። ሲገቡ በአማርኛ እየተሳሳቁ ነው። አንደኛው «ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ እኮ» ይላል። በሩ ሲዘጋ ሦስቱም እንግሊዝ ሆኑ። መሃል የተቀመጠው ጠየቀኝ። ዕቃው ሳይሟላ አለቃህ ሞዴል 19 ላይ፣ የዕቃ መረከቢያው ደረሰኝ ላይ፣ ፈርም ቢልህ ምን ታደርጋለህ ነው ነገሩ። «ዋት ዉድ ዩ ዱ?» ብሎ በእርስዎ አሳረገው።

ደስ አለኝ። ይቺን የንብረት ሥራ 11 ዓመት ኖሬባታለሁ። ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ «ዌን ማይ ቦስ አስክድ ሚ፣ አይ ዉድ ሪፊውዝ» አልኩ። አለቃዬ ይቆጣል፣ እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ግልባጭ ለኦዲት አደርጋለሁ፤ ሁሉንም በእርስዎ እያሰርኩ ዘረገፍኩት። ሂ ዉድ፣ አይ ዉድ፣ ሂ ዉድ። አፌ እንዲህ ተፈትቶልኝ አያውቅም።

ሰዎቹ ተያዩ። ሴትዮዋ ብዕሯን አነሳች። ይሄ ነገር ስንት ጊዜ ነው የሆነው አለችኝ። እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ እምቢ ትላለህ ያለችኝ መስሎኝ፣ በሙሉ ልብ «ኦልወይስ!» አልኳት።

ጻፈች።

ሦስተኛው ለፖሊስ አመልክተህ ነበር ወይ አለኝ። «አይ ዉድ» አልኩት። እሱም ጻፈ። አመስግነው ሸኙኝ። ያለፍኩ መስሎኝ ደረጃውን ስወርድ ፉጨት ሁሉ ሞክሮኝ ነበር።

ማታ ለልጄ ተረኩላት። 10ኛ ክፍል ናት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ኋላ ፊቷ ተለወጠ። «አባዬ፣ ‹ኢፍ› ነው እንጂ የሚባለው ‹ዌን› አይደለም» አለች። ደብተሯን አወጣችና በአማርኛ ሁለት መስመር ጻፈችልኝ።

«አለቃዬ ቢጠይቀኝ እምቢ እል ነበር።»
«አለቃዬ ሲጠይቀኝ እምቢ እል ነበር።»

የመጀመሪያው ሰው አልጠየቀኝም፣ ቢጠይቀኝ ግን እንዲህ ነኝ ማለት ነው። ሁለተኛው ግን በየጊዜው ይጠይቀኝ ነበር ማለት ነው። እኔ የተናገርኩት ሁለተኛውን ነው። «ኦልወይስ» ብዬም አትሜበታለሁ።

የቀድሞ አለቃዬን ልንገርዎ። የመሥሪያ ቤቱን እስክሪብቶ እንኳ ሳይፈርም የማይወስድ ሰው ነው። ያን ምስኪን ሰውዬ በሩብ ሰዓት ውስጥ ለ11 ዓመት በሐሰት ሲያስፈርም የኖረ ሌባ አደረግሁት። እኔም ሁሉን እያወቅሁ ለፖሊስ ያላመለከትኩ ሆንኩ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት በማላውቀው ቋንቋ፣ ከረባት አስሬ ነው።

አንድ ሰው፣ ክቡርነትዎ፣ ሁለት ወንበር ላይ እንዴት ይቀመጣል? ሊሆን የሚችለውንም እርስዎ፣ ድሮ ደጋግሞ የሆነውንም እርስዎ! ብዬ ልሳደብ ስል የልጄ ደብተር ፊት ለፊቴ ነው። ሁለቱም መስመር ላይ «ነበር» አለ። የገዛ ነበሬም ለካ እንደ እርስዎ ሁለት ቤት ሲያስተዳድር ኖሯል። የሚለያቸው «ቢ» እና «ሲ» ብቻ ናቸው። አፈርኩ። ግን ነበር ዘመዴ ነው፣ ገበናውን እሸፍናለሁ።

ደግሞም ነበር ለጋስ ነው። 9ኛ ክፍል፣ ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ በዞረበት ዓመት፣ «ልጅ ሳለሁ ጎንደር እኖር ነበር» ለማለት «አይ ዉድ ሊቭ ኢን ጎንደር» ብዬ ጽፌ በቀይ ተሰረዘብኝ። እርስዎ ድሮ እየተደጋገመ የተደረገን ነገር ነው እንጂ መኖርንና መውደድን አይሸከሙም አሉ። እሱ የ«ዩዝድ ቱ» ሥራ ነው። ነበርን ጎንደር መኖር ከብዶት አያውቅም።

«ኢፍ» ባለበት ሐረግ ውስጥ አልገባም ማለትዎንም አልረሳሁም። የ«ኢፍ»ን ዓረፍተ ነገር ታይፕ ዋን፣ ታይፕ ቱ፣ ታይፕ ስሪ እያልን አብረን ያደግን እናውቅዎታለን።

ያቺ «ኤል» (l) ፊደልዎስ? ተጽፋ አትነበብ፤ ደሞዝ እየበላች ቢሮ የማትገባ ሠራተኛ። ጥንት ስምዎ «ዎልደ» ነበር፣ ኤሏም ትሠራ ነበር አሉ። ይህን ስሰማ ያገሬ ሰው መስለውኝ «ወልደ ማን?» ልል ምንም አልቀረኝ። ይባስ ብሎ «ኩድ» (could) የእርስዎን አይቶ በዘሩ ያልነበረችውን ኤል ቀጠረ። ዝምድና እንዲህ ነው።

ይሄ ሁሉ ይቅር። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኔ የምቆጥረው ቆርቆሮና ሚስማር ነው። ከሾፌሩ ጋር በአማርኛ እጣላለሁ፣ ከተሸካሚው ጋር በአማርኛ እቆጥራለሁ። በ11 ዓመት አንዲት ብሎን አልጎደለብኝም። ታዲያ አራት ያንድ አገር ሰዎች በር ዘግተን ለምንድን ነው ያላንተ መነጋገር ያቃተን? ሰውዬው በአማርኛ «ቢልህስ?» ቢለኝ ምን ይጎድልበት ነበር? እኔ «ቢ»ን እና «ሲ»ን እናቴ ጀርባ ላይ ነው የለየሁት! አንተ ማን ነህና ነው እንጀራዬን የምትመዝነው?

ይቅርታ፣ አንቱታው አመለጠኝ። እርስዎ አገር አንቱ የለም፣ «ዉድ ዩ» እየተባለ ነው የሚከባበሩት። በአክብሮቱም ያሉበት እርስዎ ነዎት ማለት ነው።

አሁን የቀረኝ አንድ ጭንቀት ነው። ማመልከቻው ላይ «ስለ አመልካቹ የሚመሰክር ሰው» የሚል ቦታ ነበር። የቀድሞ አለቃዬን ስልክ ነው የሞላሁት። ሐሙስ ዕለት ደውለውለታል። እሱም ወዲያው ደወለልኝ። «ልጄ፣ ምን በደልኩህ?» አለኝ። «ጋሼ፣ ‹ቢ› ለማለት ፈልጌ ‹ሲ› ብዬ ነው» አልኩት። ዝም አለና ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

ስለዚህ አንድ ደብዳቤ ይጻፉልኝ፤ አድራሻው ለጋሼ። ሰውዬው ሌባ እንዳልሆነ፣ ነገሩ የእርስዎ ጣጣ እንደሆነ ይግለጹለት። ማኅተም ይኑረው።

ደግሞ «አይ ዉድ» ብለው ብቻ እንዳይመልሱልኝ።