ወረቀት ላገኘነው

እንግሊዝ አገር ያላችሁ፣ ፓስፖርቱን ኪሳችሁ የከተታችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው። ራሴንም።

ቀኑን አልረሳውም። እሑድ፣ ኦገስት 4፣ 2024። ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶት ስለነበር ለንደን ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት በቅበላ ሰው ጢም ብሏል። ቲቪው ላይ ሮተርሃም የምትባለው የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ትታያለች። ከ200 በላይ ጥገኝነት ጠያቂዎች ያሉበት ሆቴል። መንጋው መስኮት ይሰባብራል፣ ፖሊስ ላይ ያገኘውን ይወረውራል፣ የሚነድ የቆሻሻ ገንዳ እየገፋ በር ላይ ያስጠጋል። ሰው ያለበት ቤት እኮ ነው! ሰበቡ ደግሞ ውሸት። ሳውዝፖርት ላይ ሦስት ሕፃናትን የገደለው በጀልባ የመጣ ስደተኛ ነው ተብሎ ተወራ፤ ገዳዩ ግን የተወለደው እዚሁ ካርዲፍ ነው።

ከመንጋው አንዳንዶቹ የእንግሊዝን ባንዲራ፣ የጊዮርጊስን መስቀል ለብሰዋል። ጊዮርጊስ ዘልዳ የምንለውን ሰማዕት! ልዳ ደግሞ ሮተርሃም ያለችበት ዮርክሻየር ውስጥ አይደለችም።

እኔን ያንገበገበኝ ግን መንጋው አይደለም። ለእሱ ፍርድ ቤት አለው፤ እስከ 9 ዓመት የተፈረደበትም አለ። ያንገበገበኝ ከእኛ ጠረጴዛ የወጣው ነው። ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ ጋሼ ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው፣ "እነዚህ በጀልባ የሚመጡት ናቸው ያሰደቡን። ሆቴል ተቀምጠው እየበሉ ማን ይወዳቸዋል?" አሉ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። አንዷ "እውነታቸውን ነው" አለች።

እኚህ ሰው እኮ ከፈረንሳይ ወደብ ከካሌ የገቡት ጭነት መኪና ውስጥ፣ በሳጥን መሃል ተደብቀው ነው! ራሳቸው ናቸው እየሳቁ ያጫወቱን።

እኔስ? ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ብቀር እንኳ ጥሩ ነበር። "ጋሼ፣ ሚጥሚጣ ላቀብልዎት?" አልኳቸው።

ሆቴል ይበላሉ ትላላችሁ። ያኔ እዚያ ላለ ሰው ከምግቡ ሌላ የሚሰጠው በሳምንት 8 ፓውንድ ከ86 ፔንስ ነበር። ሠርቶ ልብላ ቢል በአብዛኛው አይፈቀድለትም። ኬዛችሁ እስኪያልቅ የጠበቃችሁትን ጊዜ እንዴት ረሳችሁት? ፖስታ በወደቀ ቁጥር ሆዳችሁ ሲገለባበጥ የነበረውን?

እኛ ሕጋዊ ነን ትላላችሁ። የዊንድረሽ ሰዎችም ሕጋዊ ነበሩ። በልጅነታቸው ከካሪቢያን መጥተው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው፣ ማስረጃ አምጡ ተብለው ከሥራ ተባረሩ፣ አንዳንዶቹም ካገር። ሪሺ ሱናክ ሳውዝሃምፕተን ተወልዶ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ አገር ከመራ በኋላ እንኳ፣ እንግሊዛዊ ነው አይደለም ብለው ተከራክረውበታል። እና እኛን ምን ብለው ሊለዩን ነው?

2025 ላይ ደርሶብን አየነው። ለንደን አጠገብ ባለችው ኢፒንግ፣ የጥገኝነት ጠያቂዎች ሆቴል ውስጥ ይኖር የነበረ ኢትዮጵያዊ በ14 ዓመት ልጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሞ ተፈረደበት። ይገባዋል፣ ሲያንሰው ነው። ግን ያን ሰሞን ሥራ ቦታ "ከየት ነህ?" ስባል "ከለንደን" ብዬ አለፍኩ። ጋሼም ደውለው "ሁላችንንም በአንድ ዓይን አዩን እኮ" አሉኝ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። የሮተርሃሙን ቀን ላስታውሳቸው አፌ ድረስ መጣ። አሁንም ዝም አልኩ።

ደግሞ አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ከሮተርሃም በኋላ ረቡዕ፣ ልክ ፍልሰታ በገባበት ዕለት፣ እዚሁ ለንደን ዋልተምስቶው ላይ ሺዎች ዘረኝነትን ተቃውመው ወጡ። ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊት፣ ካርቶን ላይ የጻፉትን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው በሬን አንኳኩ። "ትመጣለህ?" አሉኝ። ጾም ነው አልኳቸው። ጾም ከሰልፍ ምን አገናኘው? እሳቸው ግን አክብረውኝ፣ ይቅርታ ጠይቀውኝ ሄዱ።

በቀደም ጋሼ እንደገና ደወሉ። "ያ ሰፈርህ ያለው ሆቴል፣ የኛ ልጆች አሉበት?" አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ሁለት ዓመት በፊቱ እያለፍኩ አላውቅም። "እንጀራ ይዘን ብንሄድስ?" አሉ። ለቅዳሜ ተቀጣጥረናል። እሳቸው ይቀሩ ይሆናል። እኔም ራሴን አላምነውም። ለማንኛውም እናንተም ኑ፤ ብዙ ከሆንን አንዳችን ብንቀርም አንዱ ይደርሳል።