ማስተካከያ፦ ሳይጠመቅ ስላረፈ ሕፃን
«ሕፃን ሳይጠመቅ ከሞተ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቀብር ሥርዓት አትፈጽምለትም» የሚል ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ስህተት ነው።

በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ የቀኖና ሕግ በቁጥር 1183 ላይ እንዲህ ይላል፦ ወላጆቹ ሊያስጠምቁት አስበው ሳይደርስላቸው ላረፈ ሕፃን፣ የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ ሥርዓቱን ሊፈቅድ ይችላል። የቅዳሴ መጽሐፉም ለዚህ የሚሆን ጸሎት አለው። ጸሎቱም በናፍቆት የተጎዱት ወላጆች በእምነት ተስፋ እንዲያገኙ ይለምናል። ጽሑፉ ይህን ጭራሽ አላነሳውም።

ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ቶሎ ለካህኑ መንገር ይሻላል። ወላጆቹ አቅም ካጡ ዘመድ ይንገርላቸው። ጽሑፉን ያመነ ቤተሰብ ግን ሳይጠይቅ ይቀራል፤ ትልቁ ጉዳት እሱ ነው። ያጋራችሁት ካላችሁ ይህንንም አያይዙበት።