የአክሱምን ሐውልት ካስመለስን በኋላስ?

ሮም ውስጥ የምንኖር ሐበሾች ዘመድ ሲመጣብን መጀመሪያ የምንወስደው ኮሎሲየም ነው፤ ከዚያ ቫቲካን፣ ከዚያ ሳንቲም የሚወረወርበት ፏፏቴ። እኔ ግን ከሳን ጆቫኒ አደባባይ ብንጀምር እላለሁ። እዚያ 32 ሜትር ገደማ የሚረዝም የግብፅ ሐውልት ቆሟል። ሮም ያስገባው በ357 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቆንስታንቲዩስ ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

ይህ ሰው ለእኛ ባዕድ አይደለም። ሐውልቱ ሮም በገባበት ዘመን ገደማ ለአክሱም ነገሥታት፣ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና፣ ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። ጉዳዩ የአባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን ነበር። አባ ሰላማን የሾማቸው የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ የአርዮስን ወገን ይደግፍ ስለነበር አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳዶ፣ አባ ሰላማም ወደ እስክንድርያ ተመልሰው በአዲሱ ጳጳስ ይመርመሩ ብሎ ጠየቀ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ ራሱ በጽሑፉ ውስጥ አስቀርቶልናል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን አባ ሰላማን እስከ ዛሬ የመጀመሪያው ጳጳሴ እያለች ታከብራቸዋለች።

ቆንስታንቲዩስ ሐውልቱን ያቆመው አሁን ባለበት ቦታ አልነበረም። ሰርኮ ማሲሞ በሚባለው የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ሜዳ ላይ ነበር። ወድቆ፣ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ኖሮ በ1587 ሦስት ቦታ ተሰብሮ ተገኘ፤ በማግስቱ ዓመት ጳጳሱ ሲክስቶስ አምስተኛ ወደ ሳን ጆቫኒ አዛወሩት። እንግዲህ ሙሶሊኒ በ1937 ከአክሱም ዘርፎ ያስመጣውን 24 ሜትር ሐውልት የተከለው የት ነው? የዚያው ሜዳ ጫፍ ላይ፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ፣ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ታስቦ በተሠራው፣ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በሚሠራበት ሕንፃ ፊት ለፊት። የጥንት ነገሥታት የያዙትን አገር ሐውልት እየነቀሉ ሮምን እንዳስጌጡ ሁሉ እሱም የእነሱ ወራሽ መሆኑን ለማሳየት ነው ያደረገው።

የቀረውን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ግዴታ ገባች፤ ሐውልቱ አገሩ የገባው ግን በ2005 ነው። ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ተጭኖ። በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ሲቆም ያለቀሰ ብዙ ነው፤ ማልቀስም ይገባው ነበር።

የኔ ትዝብት ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሳን ጆቫኒ ስሄድ የምመለከተው ሐውልቱን ብቻ አይደለም፤ ልጆቹንም ነው። አስተማሪያቸው ግርጌው ላይ ታስቀምጣቸውና አንገታቸውን ወደ ላይ ሰቅለው በድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ወፎች እየጠቆሙ ይቆጥራሉ። አገራቸው ውስጥ የተሠራ አይደለም፤ የተነጠቀ የሰው ሀብት ነው፤ ግን ከየት መጣ፣ ማን አመጣው፣ ማን አቆመው የሚለውን ገና በልጅነታቸው ይማሩታል። በመንግሥት ሙዚየሞችና ታሪካዊ ቦታዎች ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ መግቢያ አይከፍልም። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ደግሞ ለሁሉም ነፃ ነው፤ ኮሎሲየም ሳይቀር። ኮሎሲየም ሲጠቁርና ሲሰነጣጠቅ እንኳ አንድ የጫማ ኩባንያ 25 ሚሊዮን ዩሮ መድቦ ነው እንዲጸዳና እንዲጠገን ያደረገው።

አሁን ወደ ኢዛና እንምጣ። በ1980ዎቹ አክሱም ውስጥ ገበሬዎች ሲያርሱ አንድ የተጻፈበት ድንጋይ አገኙ። በግዕዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ የንጉሡን ዘመቻ ይተርካል። ወደ ንጉሥ ካሌብና ወደ ገብረ መስቀል መቃብር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እዚያው በተገኘበት ቦታ፣ በአንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ይገኛል። እኔ ስሄድ ጠባቂው ቁልፍ አውጥቶ ከፈተልኝ። ጨለማ ነበር። ፊደሉን ያነበብኩት በስልኬ መብራት ነው። ውስጡ የሚያብራራ አንዲት ሰሌዳ እንኳ አላየሁም፤ ጠባቂው በቃሉ የሚያውቀውን በፍቅር ነገረኝ። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ደብዳቤ የጻፈለት ንጉሥ ቃል እዚህ ነው ያለው! ደብዳቤ ጸሐፊው ከሰው አገር ያመጣው ሐውልት ዋና ከተማ መሐል ጎልቶ ቆሟል፤ የተጻፈለት ንጉሥ በገዛ አገሩ ያስቀረጸው ድንጋይ የሚታየው በእጅ መብራት ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

አክሱም ያላት፣ ሮም የሌላት ነገርም አለ፤ እሱን መካድ ግፍ ነው። ኅዳር ጽዮን ሲደርስ ነጠላ የለበሰው ምእመን ከየአቅጣጫው ጎርፎ ከተማዋን ይሞላታል። ኮሎሲየም የሚሞላው በጎብኚ ነው። የአክሱም ሕዝብ ግን ሐውልቶቹ ሥር ያድራል፣ ይጸልያል፣ ይገበያያል፣ ልጁን ይድራል። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ያ ሕዝብ ብዙ ንጹሐን ተገድለውበታል፤ ጎብኚም ጠፍቶ በአስጎብኚነትና በእንግዳ ማረፊያ ይተዳደር የነበረው ሁሉ ባዶ እጁን ቀርቷል። ስለ ድንጋዩ ሳወራ የድንጋዩን ባለቤቶች ረስቼ አይደለም። ከቆርቆሮው ክዳን ይልቅ የሚያሳስበኝ የዚያ ጠባቂ ደመወዝ ነው።

እኛ በውጭ ያለነው ለማስመለስ ስንጮህ አንደኛ ነን። ሰልፍ እንወጣለን፣ ፊርማ እናሰባስባለን፤ ደግ ነው፤ ያለ ጩኸት ሐውልቱም አይመለስም ነበር። ከተመለሰ በኋላ ግን ዝም። የ21 ሜትሩ የኢዛና ሐውልት ዘንበል ብሎ ለዓመታት በብረት ድጋፍና በማሰሪያ ተይዞ ሲቆም ስንቶቻችን ጠየቅን?

እዚሁ ሮም ያለውንስ? ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ የአምስቱ መቶ ይባላል፤ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ልጆቻችን ሲቀጣጠሩ "ተርሚኒ እንገናኝ" የሚባባሉት እዚያ ነው። ፖርታ ካፔና ላይ ደግሞ የእኛ ሐውልት በነበረበት አደባባይ በ2001 አሜሪካ ላይ በደረሰው የመስከረም 11 ጥቃት የሞቱትን የሚያስታውሱ ሁለት ዓምዶች አሉ። ለሟቾቹ መታሰቢያ መቆሙ ተገቢ ነው። የአክሱም ሐውልት እዚህ ከ60 ዓመት በላይ መቆሙን፣ በምን መንገድ እንደመጣና ለምን እንደተመለሰ የሚናገር፣ ማንም አላፊ አግዳሚ የሚያነበው ሰሌዳም ግን ያስፈልጋል። ጣሊያንኛውን እንደ ተወላጅ የሚናገሩ፣ እዚሁ ተወልደው እዚሁ የተማሩ ልጆች አሉን፤ ማመልከቻውን ለከተማው ምክር ቤት ጽፈው ማስገባት ይችላሉ። ለኢዛና ድንጋይ የሚሆን መብራትና በትግርኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማብራሪያ ደግሞ የአንድ ሠርግ ወጪ አይሞላም። አክሱም ያሉትን የቅርስ ኃላፊዎች ፈቃድ ጠይቀን፣ ገንዘቡን እኛ አዋጥተን ብንጀምረው የሚከለክለን የለም።