ማስተካከያ፦ ባለ ብዙ ጊጋ ካርድ ሁሉ ፈጣን አይደለም

ባለፈው ስለ ጌም ኮምፒውተር ሲወራ «ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሰራው ክፍል) ስትገዙ ሜሞሪው (በጊጋ የሚለካው) ትልቅ የሆነውን ውሰዱ» ተብሎ ነበር። እሱ ይስተካከል። ሜሞሪ ብቻውን ፍጥነት አይናገርም። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ጂቲ 730 እና ጂቲኤክስ 1650 የሚባሉ ካርዶችን ጎን ለጎን ብታገኙ፣ ሁለቱም ካርቶን ላይ 4 ጊጋ የሚል ሊኖር ይችላል፤ ጌም ስትከፍቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

አርቲኤክስ 3060 የሚባለው ካርድ ባለ 12 ጊጋው ከአርቲኤክስ 4060 ባለ 8 ጊጋ ይበልጣል የተባለውም እንደዛው ነው። በ1080ፒ (በተለመደው የፉል ኤችዲ የስክሪን ጥራት) አብዛኛው ጌም ላይ 4060 ይቀድማል። 12ቱ የሚጠቅመው ጌሙ ከ8 ጊጋ በላይ ሲጠይቅ ነው። ደግሞ 3060 ባለ 8 ጊጋም አለ፣ እሱ የሜሞሪው መስመር (ዳታ የሚመላለስበት ስፋት) ራሱ ከ192 ወደ 128 ቢት የወረደ ስለሆነ ስሙን አይታችሁ እንዳትሸወዱ።

ያኔ ጭራሽ ያልተነሳው ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ነው። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ማስገቢያ የሚሰጠው 75 ዋት ብቻ ነው፣ 3060 ግን እስከ 170፣ 4060 እስከ 115 ዋት ይበላል። ቀሪው ከፓወር ሰፕላዩ በኬብል ይመጣል፤ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ያ ኬብል ብዙ ጊዜ የለም። በድሬ ሙቀት ደግሞ ዋቱ ያነሰ ካርድ ክፍሉንም አያጋግልም (ኤሲ ያላችሁ እለፉት)።

ያገለገለ ካርድ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ጌም ከፍታችሁ ትንሽ ሳታቆዩት ብር እንዳትሰጡ።